ጌሾው የተያዘ ቀን

የያዙኝ ኢትዮጵያ ከሚሉት ጎዳና ወረድ ብሎ፣ የድንጋይ አጥሩ ሥር ነው። በጠራራ ፀሐይ።

ሰልፍ ላይ ነበርን። ሰልፍ ስላችሁ ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ሚኒባስ የማንሞላ ልጆች ነን። ድምፁ ግን አብዛኛው የኔ ነበር። ሰፈራችን ቂርያት መናሔም ውስጥ እንደኔ የሚጮህ የለም፣ ጎረቤቶቼን ጠይቁ። እዚያ ካለው አዳራሽ ውስጥ የካናቢስ እርሻ ያላቸው ሀብታሞች ተሰብስበዋል፤ ሕጉ ሲላላ ማን ይሸጣል፣ ማን ፈቃድ ያገኛል፣ እሱን ሊነጋገሩ። ከኛ ሰፈር የተጠራ የለም። የኛ ሰፈር ልጅ በዚያው ቅጠል ተይዞ፣ ፖሊስ ጋ ቲክ ተከፍቶበት፣ በዕብራይስጥ ያው ፋይል ማለት ነው፣ ቤቱ ተቀምጧል። ቲክ ያለበት ሰው ደሞ ፈቃድ አያገኝም። የኔ ካርቶን «መጀመሪያ የታሰረ፣ መጀመሪያ ይሽጥ» ይላል። ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው እኔ ነኝ ቢላችሁ አትመኑት።

እኔ ራሴ ያኔ የምሠራው እንደዚያ ካለ እርሻ፣ ማሸጊያው ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ቅጠሉን ሳሽግ፣ ሳጥኑ ላይ ወረቀት ስለጥፍ እውላለሁ። ወረቀት ከተለጠፈበት መድኃኒት ነው፤ እኔ ኪስ ከተገኘ ወንጀል ነው። ለሥራው ትምህርት አልጠየቁኝም፣ ቢጠይቁኝማ አልገባም ነበር። ፖሊስ ጋ ስምህ ንጹሕ ይሁን፣ በቃ። ስለዚህ እጄን ወደ ኋላ ሲጠመዝዙት ያሰብኩት ስለ እጄ አይደለም። ቲክ ከከፈቱብኝ ሥራዬ አለቀ፣ እናቴም እግሯን ታማ ቤት ናት።

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ናት። ግድግዳው ቢጫ፣ ሽታው የበረኪናና የካልሲ። በሩን ከኋላዬ ቆለፉት። ለጓደኞቼ ሁልጊዜ «እኔን ቢይዙኝ ፖሊሶቹን በሳቅ ጨርሼ ነው የምወጣው» እላቸው ነበር። አንድ ቀልድ አልመጣልኝም። ሽንቴ መጥቷል፣ ለመጠየቅ ፈራሁ።

መደቡ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ኮት የለበሱ፣ ጫማቸው የተወለወለ፣ ማሰሪያው ግን የተወሰደ።

«ደህና ዋልህ ልጄ» አሉኝ፣ ቤታቸው የመጣሁ ይመስል።

«እግዜር ይመስገን አባባ። እርስዎ ምን አድርገው ነው?»

«እኔስ እንጃ። ጌሾ ገዝቼ ነበር።»

«ጌሾ?»

«የልጄ ሠርግ ደርሷል፣ ለጠላው። አውቶቡስ ስጠብቅ ፖሊስ እናንተን ሲያባርር ደረሰ። አንዱ ፌስታሌን ከፍቶ አሸተተው። ሌላውን ጠራው። ያም አሸተተ። ሁለቱም ደስ አላቸው።»

ልስቅ ፈለግኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሳቅ አይመስልም፤ ሽማግሌው ቀና ብለው «በረደህ እንዴ?» አሉኝ። ኮታቸውን ሊያወልቁ ሲሉ እምቢ አልኩ።

«የማን ልጅ ነህ?»

አባቴን ነገርኳቸው። አያቴንም። ቀጥል አሉኝ፣ ከዚያ በላይ አላውቅም።

«በሁለት አባት ብቻ ነው ፖሊስ የምትጋፈጥ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አርገው፣ «ፈርተሃል?»

«እኔ? እኔ አልፈራም።»

«እኔ ፈርቻለሁ» አሉ። «ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን ድንበር ላይ ወታደር አስሮኛል። ያኔ ወጣት ነበርሁ። እዚህም በር ይቆለፍብኛል ብዬ አላሰብሁም።»

ያን ጊዜ ነው በደንብ የፈራሁት። እሳቸው ከፈሩ እኔ ማን ነኝ?

ሁለታችንንም አንድ ላይ ጠሩን። አስተርጓሚ እስኪመጣ ይመሻል፣ አንተ ተርጉምለት አለኝ መርማሪው። የኔን አማርኛ ይኸው እያያችሁት ነው፤ ለሱቅ ይበቃል። ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቁጥር ተለጥፎበታል። ሽማግሌው ወለሉን ያያሉ።

«ለምንድነው የማያየኝ?» አለ መርማሪው። «ንጹሕ ሰው ዓይን ያያል።»

«እኛ ዘንድ ባለሥልጣን ላይ አይፈጠጥም። ነውር ነው።»

«አንተስ ታዲያ ለምን ታፈጥጥብኛለህ?»

«እኔ እዚህ ነው ያደግኩት» አልኩት። እውነቴን ነው፤ እሱ ግን ቀልድ መሰለው። ሕይወቴን ሙሉ ሳልቀልድ የተናገርኳት ያቺ ብቻ ናት።

ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ስማ። ይሄን ፌስታል ከሰልፈኞቹ አንዱ ያዝልኝ ብሎ ሰጠኝ ይበል። ይፈርምና ቤቱ ይሂድ። አንተም ትሄዳለህ። ቲክ አልከፍትብህም፣ ሥራህ እንዳለ ነው።»

የት እንደምሠራ ያውቃል ማለት ነው። ከሰልፈኞቹ አንዱ፣ ስም እንኳ አልጠቀሰ፣ ማን ይጎዳል ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ይህ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ከዚያ ጓደኞቼ አንድ ባንድ ፊቴ ላይ መጡ፤ እያንዳንዱ «አንዱ» ሊሆን ይችላል።

«ተቀመጥና ንገረው» አለኝ።

ከሱ ወንበር ሌላ ያለው አንድ ነው። መቀመጥ አምሮኝ ነበር። ግን ሽማግሌው ቆመዋል። እናቴ አንድ ነገር አስተምራኝ ከሆነ፣ ትልቅ ሰው ቆሞ አይቀመጡም። እምቢ ልበል ብዬ አይደለም፣ ወገቤ አልታጠፍ አለኝ። ወንበሩን ሳብኩና ከሳቸው ኋላ አደረግኩት።

«ይቀመጡ አባባ።»

«አንተስ?»

«እኔ ስቆም ነው የማምረው።»

«ሼቭ» አለኝ መርማሪው፣ ተቀመጥ ማለቱ ነው። ደገመው። እሱ ራሱ ተነሣ።

«እሳቸው ይቀመጣሉ» አልኩት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «ከሰልፈኛ ተቀበልኩ ብለው ይፈርሙ ነው የሚልዎ። ከፈረሙ ሁለታችንም ቤታችን ነን።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ካንተ ጋር ያሉትን ልጆች ነው?»

«አዎ።»

«ጌሾ ነው በለው። ካላመነ ይቅመሰው።»

ተረጎምኩ። መርማሪው ፌስታሉን አየው፣ እኛን አየን። አልቀመሰም።

ማታ ልጆቻቸው መጥተው ወሰዷቸው። ጌሾው ለምርመራ ቀረ። እኔን በማግስቱ ለቀቁኝ፣ የፖሊስ ሥራ አደናቅፈሃል ብለው ቲክ ከፍተው። እርሻው በስልክ አትምጣ አለኝ። ደግ ናቸው፣ በጨዋ ቋንቋ ነው ያሉኝ።

አሁን ጊሎ የሚሉት ሰፈር ውስጥ ፒዛ አደርሳለሁ፤ ከኔ የሚፈጥን የለም። በቅርቡ ካናቢስ የሚሸጥ ፋርማሲ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲሉ ሄድኩ። ባለቤቱ እኩያዬ ነው፣ ጥሩ ልጅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝ።

«ቲክ አለብህ?»

«አለብኝ።»

«በምን?»

«ሕጉ ይቀየር ብዬ።»

ሳቀ። «እሱማ እየተቀየረ ነው ወንድሜ። እኔም ተማሪ ሳለሁ አጨስ ነበር፣ እዚሁ መንገድ ላይ። ማንም አስቁሞኝ አያውቅም።»

ክፋት አልነበረበትም። ቲክ ያለበት ሰው ከቀጠረ ግን ፈቃዱን ይነጥቁታል፤ አዝኖ ነገረኝ። እጁን ጨብጬ ወጣሁ።

ለጓደኞቼ ሳወራ መርማሪው ጌሾውን አኝኮ ሲተፋ አድርጌ ነው የማወራው። ይስቃሉ። እዚህ እንደሆነው ጻፍኩት። የፖሊስ መኪና አጠገቤ ቀስ ሲል እጄ አሁንም ወደ ኪሴ ይሄዳል። አንዴም አጭሼ አላውቅም፣ ኪሴም ባዶ ነው። አውቃለሁ። ግን እነካዋለሁ።