ቅቤ የተቀባው ሶላር

ከሆሳዕና ወደ ደቡብ አፍሪካ ስወጣ የሚያሻግረኝ ደላላ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ብሎኝ ነበር። እናቴም ለማንም አልተናገረችም፤ ለዕድሩ ብቻ ነው የነገረችው። በዚያ አመሻሽ በምስጢር ልጠፋ አስፋልት ዳር ስደርስ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰልፎ ጠበቀኝ። አንዷ ቆሎ፣ ሌላዋ በሶ ታስጨብጠኛለች፤ አንዱ ሽማግሌ ቆሞ ይመርቀኛል። ደላላው "ይሄ ስደት ነው ወይስ ሰርግ?" እያለ ራሱን ያዘ። እናቴ ብቻ አላለቀሰችም። ለመስቀል እንድመጣ አዘዘችኝ፣ ገበያ ደርሼ የምመለስ ይመስል።

የመንገዱን መከራ ሌሎች በደንብ ተናግረውታል፤ እኔ የምናገረው ስለ ሆዴ ነው። ከሞያሌ ጀምሮ አንድ ነጭ ገንፎ ስሙን እየቀያየረ ተከተለኝ፤ ኬንያ ኡጋሊ፣ ማላዊ ንሲማ፣ ጆበርግ ስገባ ደግሞ ፓፕ ሆኖ ጠበቀኝ። መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ያልገባበት ምኑን ገንፎ ሆነ? ዛንድስፕሩት በሚባል የድሃ ሰፈር ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ፤ ስሜም "ማይ ፍሬንድ" ሆነ። የሁላችንም ስም ያው ስለሆነ አንዱ ደንበኛ ሲጣራ አምስት ሐበሻ ይዞራል። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ መስቀል አለፈኝ።

ከዚያ እኔና ባለቤቴ አማረች ጀርሚስተን ከፊቱ ሱቅ ያለው አሮጌ ቤት ገዛን። ቤቱ መጥፎ አልነበረም፤ መብራቱ ነው እንጂ። ሎድሸዲንግ የሚሉት በፈረቃ መብራት ማጥፋት በቀን ሦስቴ ይመጣል፣ አይስክሬሙ ሾርባ ይሆናል፣ ዶሮውን ለጎረቤት እናድላለን። በዚህ መሃል መንግሥት አዋጅ አወጣ። እስከ የካቲት ማብቂያ ድረስ ቤቱ ጣሪያ ላይ አዲስና ያልተሠራበት የሶላር ፓነል የሰቀለ ሰው፣ የፓነሉን ዋጋ ሩብ ከታክሱ ይቀነስለታል፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን የፈረመበት ሰርተፊኬት ግን ያስፈልጋል። እኔ ወዲያው ያንን ሩብ በሐሳቤ ወደ አውሮፕላን ትኬት መነዘርኩት። አማረች ቆይ፣ ገና ነው እያለችኝ ብቻዋን ያለችው እናቴ ጋ ደውዬ ዘንድሮ ለመስቀል እመጣለሁ አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋው እልል አለች።

ኤሌክትሪሺያናችን ሲፖ የሚባል ዙሉ ነው። ጣሪያውን አይቶ ቆርቆሮው ዝጎ አልቋል፣ ፓነል አይሸከምም አለኝ። እሁድ ሁለት ሠራተኛ ይዤ ቆርቆሮውን እንድቀይር፣ ሰኞ እሱ መጥቶ ፓነሎቹን እንደሚሰቅል ተስማማን። እኛ ግን ጣሪያ በሁለት ሰው አናውቅም። ወሬው ቸርቻችን ያለበት ሰፈር ጻካኔ ደረሰና የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሼ ላምቤቦ ደቦ ጠሩ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሃያ ሦስት ባለሱቅ ሱቁን ዘግቶ መዶሻውን ይዞ መጣ። ለአንድ ሚስማር አንድ መቺና ሦስት አማካሪ ነበረው። ደግሞም ሥራው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አለቀ፤ ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው። ፓነሎቹ ግድግዳ ተደግፈው ሲያዩአቸው አሳዘኗቸው መሰለኝ፣ እነሱንም ሰቀሏቸው።

ጋሼ ላምቤቦ መሰላሉ ላይ ሆነው ጸለዩ። ጸሎቱ ብቻ ግን የበቃቸው አልመሰለኝም፤ ከአገር ቤት በሰው የመጣልንን ቅቤ ከአማረች ጠይቀው፣ እያንዳንዱን ፓነል እንደ ሙሽራ ራስ ቀቡት። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

ሰኞ ፀሐይዋ ቅቤውን አቀለጠችው፤ ከሰፈራችን ጀርባ ካለው የወርቅ ማዕድን አፈር ቁልል የሚነሳው ቢጫ አቧራ ተለጠፈበት፤ ዝንብም ተጠራርቶ መጣ። ሲፖ ወጥቶ አየ፣ ወረደ፣ ጣቱን አሸተተ።

"ማይ ፍሬንድ፣ አዲስ ነው ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ" አለኝ። "ይሄ ግን ከዶሮ መጥበሻ ቤት ጣሪያ የወረደ ነው።"

ቅቤ መሆኑን፣ ለበረከት የተቀባ መሆኑን በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና ፊቱ ፈካ፤ ኮፍያውንም አወለቀ።

"ለሞቱት አያቶቻችሁ ነው? ቀድመህ አትነግረኝም? እኛም አዲስ ቤት ስንገባ ለአያቶቻችን እናሳውቃለን።"

ጋሼ ላምቤቦ የእጃቸውን ሥራ ሊያዩ መጥተው አጠገቤ ቆመዋል። ጌታን ከተቀበሉ አርባ ዓመታቸው ነው። ሊመሰክሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁና በአማርኛ "ጋሼ፣ እናቴን ላያት ነው፤ በፈጠረዎት ዝም ይበሉ" አልኳቸው። የከፈቱትን አፍ ገጠሙ። ከዚያ እስኪታነቁ ድረስ ሳሉ።

ሲፖ የፓነሎቹን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አመሳክሮ አዲስ መሆናቸውን አረጋገጠ። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አሳጠበን፤ እኛ ያሰርነውን ብሎን ሁሉ ፈትቶ እንደገና አሰረ። የአዋጁ ቀን ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ፈረመልኝ። ጋሼ ላምቤቦ በሚቀጥለው እሁድ ቸርች ፊት ቆመው ንስሐ ገቡ፤ የእኔንም ስም ጠቀሱ።

ክረምት ላይ ወረቀቴን ይዤ ታክስ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያስተናገደችኝ ሴትዮ አፍ "አይቆጠርም" የሚል ቃል ብቻ የተማረ ነው። ጣሪያው አይቆጠርም፣ ባትሪው አይቆጠርም፣ ደቦ ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ፓነሉ ግን ይቆጠራል ስትለኝ ተነፈስኩ። ቀጥላ ገንዘብ በእጅ እንደማይሰጥ፣ ከምከፍለው ታክስ ላይ ብቻ እንደሚቀነስ ነገረችኝ። የእኔ የዓመቱ ታክስ ትንሽዬ ነበር፤ የተረፈውም ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። ለምን ትንሽ ሆነ ብላት ትርፍህ ትንሽ ስለሆነ ነው አለችኝ።

"ትርፌን የበላው መብራት መጥፋቱ ነው" አልኳት። "መብራት ስለጠፋ ሶላር ገዛሁ፤ መብራት ስለጠፋ ደግሞ ቅናሹ አይደርሰኝም ማለት ነው?"

ኮምፒውተሯን አየች። "አዎ ጌታዬ። ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?"

ከዚያ በኋላ ለእናቴ ሳልደውል ሦስት ሳምንት አለፈ። ሱቄ ውስጥ መብራቱ ቦግ ብሎ፣ ፍሪጁ እየዘመረ፣ እኔ ስልኬን እፈራለሁ። በመጨረሻ እሷው ደወለች። ከኋላዋ የወንዶች ጫጫታ ይሰማል።

"ልጄ፣ ለመስቀል ቅርጫ እየመዘገቡ ነው" አለችኝ። "ልቁጠርህ ወይስ ልተውህ?"

ነገሩን ሁሉ ላስረዳት ነበር፤ የታክሱን፣ የሩቡን። ምን ብዬ እጀምራለሁ?

"ቁጠሪኝ እማዬ" አልኳት።

አንድ ሰው ቤታችሁ ስንት ሰው ነው ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁ።

"ሁለት ነን" አለችው።