ሰርጎ የገባው ውሃ

ናዝሬት ውስጥ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት የሚደግም ሰው ቢኖር መካኒኩ ጃራ ነበር። ዳቦ ሲገዛ ገልብጦ ያያል። ሰው «ደህና አደርክ» ሲለው «ምን ፈልጎ ይሆን?» ይላል በሆዱ። ወዳጁ ሾፌሩ ሰብስቤ ከቆቃ ሲመለስ ዓሣ ያመጣለታል፤ የጃራ ሚስት ሻሼ ትጠብሰዋለች፤ ጃራ ደግሞ «ይኼ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ የሚያባብለኝ?» እያለ ይበላል። ዓሣውን ግን አንድ ቀን መልሶ አያውቅም።

ጠባዩ ለሥራው በጅቶታል። መኪና ውሃ ያፈሳል ተብሎ ሲመጣለት የሾፌሩን ወሬ አይሰማም። ከሥር ካርቶን ያነጥፋል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጠብታው ከፊት ከወደቀ ራዲያተሩን፣ ወደ መሐል ከሆነ የውሃውን ፖምፓ ይጠረጥራል። የላስቲክ ቱቦዎቹንማ ሁሌም እንደጠረጠራቸው ነው።

በዚያ ዘመን ግን መጠርጠር የጃራ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ቀይ ሽብር ያለፈበት ደጅ ገና አልደረቀም፤ ሰው ከገዛ ወንድሙ ጋር ሲያወራ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «አሻጥር»፣ «ሰርጎ ገብ» የሚሉት ቃላት ከሬዲዮ ወጥተው ገበያ ገብተዋል። አንድ ሰው ሰርጎ ገብ ነው፣ ጠላት ልኮት በመሐላችን ተሸሽጓል ከተባለ፣ ሊወስዱት የመጡት ሰዎች ጫማውን እስኪያጠልቅ አይጠብቁትም።

አንድ ጠዋት ሙሉብርሃን የሚባለው ካድሬ የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ላንድሮቨር አስጎትቶ መጣ። የመኪናዋ ሾፌር ሰብስቤ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወደ አቦምሳ በወጣን ቁጥር እየጋለች መንገድ ላይ ታስቀረናለች» አለ ካድሬው። «ውሃዋ ያልቃል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። ወይ እርጅና ነው ወይ የሰው እጅ። የሰው እጅ ከሆነ ሾፌሩን ይዤው ነው የምሄደው። ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ ቁርጡን ትነግረኛለህ።»

ሰብስቤን ከቆርቆሮው አጥር ውጭ፣ ጠመንጃ ካነገተ የአብዮት ጥበቃ ጋር አስቀምጦት ሄደ።

ጃራ ካርቶኑን አነጠፈ። ደረቅ። ቱቦዎቹን ጨመቀ፣ ፖምፓውን ዳሰሰ፤ ሁሉም ደህና። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ቢነክር ቢጫ ጭቃ ይዞ ወጣ። አሸተተው። እርድ! የአልጫ ወጥ እርድ። ራዲያተር ሜዳ ላይ ሲያንጠባጥብ ሾፌሮች የሚያደርጉት ብልሃት ነው፤ እርዱ ውሃ ውስጥ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሲበዛ ግን ውሃው የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ሁሉ ይደፍንና ሞተሩን በሙቀት ይፈጀዋል።

ውሃ ሞልቶ ሞተሩን አስነሣ። ገና ሳይሞቅ ውሃው እንደ ሽሮ ይንተከተክ ጀመር። ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ሲፈታ አንዷ በእንፋሎት ታጥባ ነጽታለች። በዚህ ጊዜ ገባው፤ በሙቀቱ ብዛት የሞተሩን ክዳን የሚያሽገው ጋርኒሲዮን ተቃጥሎ፣ ውሃው ነዳጅ ከሚቃጠልበት ገብቶ በጭስ ማውጫው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። መሬት ላይ ጠብታ ከየት ይምጣ?

የሰው እጅማ አለበት። የሰብስቤ እጅ። ራዲያተሯ ታንጠባጥባለች ብሎ ቢናገር «ማን በሳት?» እንዳይሉት ፈርቶ፣ ከሚስቱ ጓዳ እርድ ዘግኖ ጠቅጥቆባታል። «አንተ ደንቆሮ!» አለ ጃራ ለብቻው፣ በንዴት። ወዲያው በቆርቆሮው ሽንቁር አየው። ሰብስቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይፈታል፤ መልሶ ያጠብቃል። የጃራ ንዴት በረደ።

ካድሬው ተመልሶ መጣና መጀመሪያ ያየው የጃራን እጅ ነው።

«ይኼ ቢጫ ምንድነው? መርዝ ነው?»

«እርድ ነው ጓድ። ባለፈው ቺንጊያዋን ስቀይር ራዲያተሯ ሲያንጠባጥብ አይቼ እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ለማንም ሰው ሲል እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቶ አያውቅም።

«እሺ፣ ታዲያ ውሃው የት ሄደ?»

«ሰርጎ ገብቶ...»

«ሰርጎ ገብ?» ካድሬው ጮኸ። «ማነው ሰርጎ ገብ?»

«ኧረ ውሃው ነው ጓድ! በተቃጠለው ጋርኒሲዮን ሰርጎ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ማለቴ ነው።» ጃራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ካንዴላዋን እያሳየ ቀስ ብሎ አስረዳው። ካድሬው ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ፈገግም አለ።

«እርጅና ነው በለኛ» አለና ሾፌሩን ሊለቀው ጠራው።

ሰብስቤ ግን ከአጥሩ ውጭ የሰማው ጩኸቱን ብቻ ነበር። ጃራ እሱን ሰርጎ ገብ ያለው መስሎት ማንም ሳይጠይቀው እየተንተባተበ ገባ።

«ጓድ፣ ሰርጎ ገቡ እሱ ነው! መኪናዋን ሁልጊዜ የሚነካካት እሱ ነው!»

የካድሬው ፈገግታ ጠፋ። የጃራን ቢጫ እጅ አየ። «እርዱንስ?»

«እሱ ነው» አለ ሰብስቤ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ጃራ እውነቱን ሊናገር ፈለገ፤ ግን «እኔ ነኝ» ያለው በገዛ አፉ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እጁን ሳይታጠብ ወሰዱት።

ክረምቱን እስር ቤት ከረመ። ሻሼ በዝናብ ስንቅ ታመላልስለት ነበር። በኋላ ሌላ ጋራዥ ሞተሩን ፈቶ የተቃጠለውን ጋርኒሲዮን ስላገኘ፣ ይቅርታም ሳይሉት ለቀቁት።

ሰብስቤ ጋራዡ ድረስ መጣ። ከደጅ ቆመ።

«ሰርጎ ገብ ሲባል ሰማሁ፤ እኔን ያልክ መስሎኝ...»

«ውሃውን ነበር» አለ ጃራ።

ሰብስቤ አለቀሰ። ጃራ በእነዚያ ወራት ሁሉ ሲያጠነጥን የከረመውን እርግማን ሊያወርድበት አፉን ከፈተ። ግን በሐሳቡ ራሱን ከአጥሩ ውጭ፣ በሰብስቤ ቦታ አስቀምጦ ያንን የካድሬውን ጩኸት ሰማው። እርግማኑ ጠፋበት።

«እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምሰማው» አለ። ከእስሩ ሁሉ ይልቅ ይህን ማለቱ አመመው።