የሳኩራው ምንጣፍ ጠባቂ

ከመካነ ሰላም የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው። የድርቁ ጊዜ ነበር። ነጋዴው አባቴ ከቆላ ተሰደው ለመጡ ሰዎች ቤታቸውን ከፍተው ስለነበር ከጓዳ እስከ ደጃፍ የተኛ ሰው ሞልቶታል። ማንንም ሳልረግጥ በሩ ጋ ስደርስ አባባ ሻንጣዬን ተቀበሉኝና፣ «አይዞሽ፣ መደብሽን ማንም አይነካብሽም። እንደተውሽው ታገኚዋለሽ» አሉኝ። ያን ቀን በዚያ ቤት ባዶ የቀረችው የእኔው መደብ ብቻ ነበረች።

ጃፓን የሄድኩት ለሥራ ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጡ ጃፓናውያን ወጣቶች አማርኛ ላስተምር ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ሹሙ ምን እንደማስተምር ጠየቀኝ። አማርኛ አልኩት። እዚህ አገር ማን ይማረዋል ቢለኝ፣ የጠራችሁኝ እናንተ አይደላችሁም ወይ አልኩት። ትንሽ አሰበና ማህተሙን መታልኝ። ሩዛቸው ጨው አልነካውም፣ በርበሬ የሚሉትም ለስሙ ነው። ብርዱ ግን የኛዋን የወሎ ደጋ የአቀስታን ያህል ስለሆነ እሱ እንኳ አልከበደኝም። ሰላምታቸውማ የኛው ነው፤ ጎንበስ ሲሉ እኔም ጎንበስ፣ ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ሳይታወቅ መንገድ እንዘጋለን።

እዚያው እያለሁ አገር ቤት አብዮት ፈነዳ። መምህራን ታሰሩ ሲባል እሰማለሁ። ውሌ ደግሞ በጸደይ ያልቃል፤ ካልታደሰ ፈቃዴም አብሮት ያልቃል። ልመለስ ፈራሁ፣ ልቅር ቦታ የለኝም። ሳኩራ የሚሉት ዛፍ ያበበው ውሌ ሊያልቅ በተቃረበበት ሳምንት ነው።

አበባው የኮክን ይመስላል፣ የሚበላ ፍሬ ግን አይሰጥም። ለዚህ ዛፍ ከተማው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሲወጣ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከሥሩ ተቀምጬ ሽቅብ ሳይ ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አበባውን ለማየት ተሰብስበው መብላታቸውን ሃናሚ ይሉታል። ልማዱ፣ በመሥሪያ ቤቱ አዲስ የሆነው ሰው በማለዳ ሄዶ ምንጣፍ ያነጥፍና ባልደረቦቹ እስኪመጡ ቦታ ይጠብቃል። አዲሷ እኔ ነበርኩ።

ሰፊውን ምንጣፍ አንጥፌ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመው አበባውን ያያሉ። እንግዲህ የወሎ ልጅ ነኝ፤ እናት ቆመው እኔ ልንሰራፋ? ተነስቼ ጎንበስ አልኩና አስቀመጥኳቸው። እህታቸው ተከተሉ። ከዚያ አንድ አባወራ ከነቤተሰቡ፣ ቀጥሎ ውሻ የያዙ ሽማግሌ። እንጀራ ቢኖረኝ እቆርስ ነበር፤ እነሱ ግን ምሳቸውን ፈትተው እኔኑ አጎረሱኝ ማለት ይቀላል። እኩለ ቀን ላይ ምንጣፉ ሞልቶ እኔ ጠርዝ ላይ ቆሜያለሁ።

የትምህርት ቤታችን ኃላፊ ታናካ ሳን መምህራኑን አስከትለው መጡ። ምንጣፉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ቦታ አልያዙልንም?» አሉኝ።

«ይዣለሁ። እንግዶች መጥተውብን ነው» አልኳቸው። በቃ፣ ውሌ አለቀ አልኩ በልቤ።

አሮጊቷ ግን ጠጋ ብለው ምንጣፉን መታ መታ አደረጉላቸው። ታናካ ሳን ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተጠጋግተው ተቀመጡ። አመሻሹ ላይ አሮጊቷ ሲዘፍኑ ኮስታራው ታናካ ሳን ያጨበጭቡ ነበር።

ስንነሳ፣ «ከማላውቀው ሰው ጋር ሃናሚ ተቀምጬ አላውቅም። የሚመጣው ዓመትም ምንጣፉን እርስዎ ይጠብቁልን» አሉኝ። ቅጣት መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ ያለችው መምህርት ሳቀችና ውልሽ ታደሰ ማለታቸው ነው አለችኝ። ጃፓን እንዲህ ነው፣ የምሥራቹንም ዙሮ ነው የሚነግርሽ።

አባባ ለንግድ ደሴ ሲገቡ በስልክ አገኘኋቸው። የምንጣፉን ነገር ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። ውሌ መታደሱን ስነግራቸው ሳቃቸው ተቋረጠ።

«አባባ?»

«አለሁ። ዘንድሮም አትመጪማ። ልጄ፣ እኔም አንዲት እናት ደጄ ቆመው ባይ አልቻልኩም። መደብሽ ላይ አስተኝቻቸዋለሁ። እንዳትቀየሚኝ።»

እንባዬ መጣ። ባዶ መደብ ሲጠብቁልኝ ኖረዋል ለካ።

«ስመጣ ጠጋ ይሉልኛል» አልኳቸው።

«ይጠጋሉ እንጂ» አሉ አባባ። «አንቺ ብቻ ነይ።»