የቅንጭቡ ወተት

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ከቤታችን ጓሮ ያለው አጥር ቅንጭብ ነው። ቅጠል አልባ፣ እንደ እርሳስ የቀጠኑ አረንጓዴ ቅርንጫፎች ብቻ። ፍየል እንኳ ስለማይደፍረው ለአጥር ይመረጣል። ሲሰበር ነጭ ወተት ያፈሳል፤ እናቴ ያን ወተት በስንደዶ ጫፍ እየነካች የሰፈሩን ልጆች የእጅ ኪንታሮት ታጠፋ ነበር። “ዓይንህን እንዳትነካ!” ሳትል ማንንም አትሸኝም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቅርንጫፉ ከመብራት ሽቦ ስለደረሰ ልትመለምለው ቆንጨራ ይዛ ወጣች። ልብስ እያጠብኩ ሳለ ቆንጨራው ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ጩኸቷን።

“ዓይኔን! ልጄ፣ ዓይኔን!”

በምጥ እንኳ ያልጮኸች ሴት ናት ይባላል። ዞር ስል ሁለት ዓይኖቿን በመዳፏ ታሻለች፤ መዳፏ ደግሞ በወተቱ ርሷል። እጇን ለማላቀቅ ታገልኳት።

ጎረቤታችን፣ ባለሱቋ አራስ፣ ሕፃኗን አቅፋ እየሮጠች ገባች። “እትዬ፣ ቀና ይበሉ! የጡት ወተት ላንጠባጥብልዎ፣ አገራችን መድኃኒቱ እሱ ነው።”

“ወተት አይደል እንዴ ያቃጠለኝ? ውሃ!” አለች እናቴ።

ጎረቤታችን ሕፃኗን ምንጣፍ ላይ አስተኝታ የእናቴን ራስ ያዘች፤ እኔ የጀሪካኑን ውሃ እስኪያልቅ አፈሰስኩ። ከዚያ በታክሲ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ወደ ዓይን ክሊኒክ በረርን። መንገድ ላይ እናቴ በቀስታ፣ “ሰማዩ ጠቆረ እንዴ?” አለችኝ። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

ሐኪሙ ደጋግሞ አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሸፈናቸው። “ነገ ሲከፈት እናያለን” አለ። ምን እንደምናይ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤት ስንገባ ወደ ሲንጀሯ በዳበሳ ሄዳ ተቀመጠች። “ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ትችያለሽ አይደል?” ብላ ጠየቀችኝ። ክሩን ከእጇ ተቀብዬ አስገባሁላት።

በማግስቱ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። “ምን ይታይዎታል?”

ዓይኖቿን ደጋግማ አርገበገበች።

“ይቺን ልጄን” አለች በመጨረሻ። “ፊቷን ሳትታጠብ ነው የመጣችው።”

ግራ ዓይኗ እስኪጠራ ሳምንታት ወሰደ። አጥሩን እንንቀለው ብዬ ለመንኳት፤ “ሌባውን አንቺ ልትጠብቂ ነው?” ብላ ሳቀች። እኔ ግን ዛሬም ወደ ጓሮ ስትወጣ ሥራዬን ጥዬ እከተላታለሁ።