ጥቁር አዝሙድ የተጠቀለለበት ወረቀት

ትናንት ሮቤ ገበያ የገዛሁት ጥቁር አዝሙድ የተጠቀለለው በተማሪ ደብተር ቅጠል ነበር። ወረቀቱ ላይ ኳድራቲክ እኩልዮሽ አየሁ፤ የአዝሙዱም ሽታ በንጉሡ ዘመን ወደ ሠራሁበት የጎባ ሱቅ መለሰኝ።

እዚያ ሚዛን ያዥ ነበርኩ። አልጀብራን ያለ አስተማሪ፣ ከመጠቅለያ ወረቀት ብቻ ተማርኩ። ጎባ ውስጥ እንደኔ ያለ ጭንቅላት አልነበረም፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። አንድ ቀን ስኳር ሊገዛ የመጣ መምህር፣ "ይህን ከፈታህ ነገ ትምህርት ቤት አስገባሃለሁ" ብሎ x² + 4x + 5 = 0 ጻፈልኝ።

እርሳስ እንኳ አላነሳሁም። "ዲስክሪሚናንቱ አሥራ ስድስት ሲቀነስ ሃያ ነው፤ ከዜሮ በታች ስለሆነ እውን ሥር የለውም" አልኩ።

"አለው እንጂ! አንድና ኔጌቲቭ አምስት!"

"እሱማ ከአምስቱ በፊት የመቀነስ ምልክት ቢጽፉ ነበር፣ ጋሼ። ተሳስተዋል።"

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። መምህሩ የተመዘነለትን ስኳር ጥሎ ወጣ፤ ዳግመኛም አልመጣም።

ባለሱቁ አባ ከድር ስኳሩን ወደ ጆንያው እየመለሱ፣ "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አለው ብትለው ምን ነበረበት?" አሉኝ።

ትምህርት ቤት ሳልገባ አረጀሁ። ዛሬ ጠዋት አዝሙዱን አራገፍኩና በወረቀቱ ጀርባ ያንኑ ጥያቄ እንደገና አሰላሁት። አሁንም ሥር የለውም።