የጤነኛው ሰው ጠያቂዎች

አቶ ዋጋሪ በነቀምቴ፣ በባኬ ጃማ ክፍለ ከተማ፣ የመዘምራን ጋዋን በመስፋት የሚታወቁ ልብስ ሰፊ ናቸው። እሑድ እሑድ በከተማይቱ ቆመው ከሚዘምሩት መካከል የእሳቸው የስፌት መኪና ያልነካውን ጋዋን የሚለብስ ጥቂት ነው። ቁመታቸው ረጅም፣ አነጋገራቸው አጭር ነው። በዕድሜያቸው ሙሉ የታመሙት አንድ ጊዜ ሲሆን እሱም ጥርሳቸውን ነው። ይህን አስቀድሜ መግለጼ አንባቢ ከጎረቤቶቻቸው የተሻለ መረጃ ይዞ እንዲነሣ ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢቢሴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። ካርድ ክፍል የሠራ ሰው የመንደሩን ደዌ ሁሉ ያውቃል። ወይዘሮ ኢቢሴም ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ማን ምን እንደ ታመመ ከአፋቸው አንዲት ቃል ወጥታ አታውቅም። በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ መድኃኒት አስመጪ ያደለው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። ዓመቱ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላም ያወረደው አልነበረም፤ ሥዕሉ ባሕር ነበረና። ወይዘሮ ኢቢሴ የበሽተኛ ካርድ ሲፈልጉ ቀና ባሉ ቁጥር ያን ባሕር ያዩ ነበር። ጡረታ በወጡ ጊዜ ከባላቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሕር ዳር ቆመው እግራቸውን ውኃ ማስነካት።

አቶ ዋጋሪ ነገሩን ከዓመት ወደ ዓመት ሲያሻግሩት ኖሩ። ዘንድሮ ግን አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃቸው ሊሊሴ ነሐሴ ላይ ስልክ ደውላ፣ መስቀልን አክብረው እንደ ጨረሱ ሁለቱንም ሞምባሳ ልትወስዳቸው መወሰኗን አስታወቀች። ክረምቱ በዚያ ሳምንት የጣሪያውን ቆርቆሮ እየደበደበ ስለ ነበረ የነገረቻቸውን ሁለት ጊዜ ደገመችላቸው። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ማታ ማታ ስለ ጉዞው ይመክሩ ጀመር።

"ጃንጥላ እንያዝ እንዴ? እዚያ ዝናብ አለ?" አሉ አቶ ዋጋሪ።

"አባ ሊሊሴ፣ እዚያ ያለው ባሕር ነው።"

"ባሕሩማ ከታች ነው። እኔ የጠየቅሁሽ ከላይ ስላለው ነው።"

ወይዘሮ ኢቢሴ ሣቁ። በዚያ ሰሞን በትንሽ ነገር ሁሉ ይሥቁ ነበር። ይህም በኋላ በማስረጃነት ተቆጥሮባቸዋል።

ከነቀምቴ ሰው ወደ ውጭ አገር ለሥራ ይሄዳል፤ ለትምህርት ይሄዳል፤ ጤናው ሲታወክም ዘመድ ተረባርቦ ይልከዋል። ሄዶ፣ ባሕር አይቶ፣ ሌላ ጉዳይ ሳይኖረው የሚመለስ ሰው ግን አልተለመደም። አቶ ዋጋሪ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ "ልንዝናና ነው" ማለቱን ይሉኝታ ከለከላቸውና ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ። ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው፤ ሆኖም ዝም ያለ ሰው ስለ ራሱ የሚነገረውን ለሌሎች ትቶላቸዋል ማለት ነው።

ጳጉሜን ሲገባ የቢጫ ወባ ክትባት ያስፈልጋቸዋል ስለ ተባሉ ወደ ሆስፒታል ሄደው ተከተቡ። አቶ ዋጋሪ ከሚስታቸው ቀድመው፣ ቢጫ ካርዳቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው የተወጉበትን ክንድ ደግፈው ከበሩ ሲወጡ ጎረቤታቸው ወይዘሮ የሺወርቅ ገጠሟቸው።

"ኦቦ ዋጋሪ! ምነው፣ ደኅና?"

"ደኅና ነኝ።"

"ክንድዎን ይዘዋልሳ?"

"ወግተውኝ ነው።"

"ውይ! ለምኑ?"

"ለመንገድ። ወደ ውጭ ልንወጣ ነው።"

"ውጭ ድረስ!" አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ፤ ነጠላቸውንም ወደ አፋቸው አስጠጉ።

አቶ ዋጋሪ ከመለሱት ውስጥ አንዲት ሐሰት የለችም። እውነት ተቆራርሶ ሲቀርብ ግን ሰሚው በገዛ ሐሳቡ የሚሞላው ብዙ ቦታ ይተዋል። ወይዘሮ የሺወርቅም ቤታቸው እስኪደርሱ ሞልተውት ነበር።

ጠያቂዎች መምጣት ጀመሩ። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ የኋላሸት፣ አባታቸው ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የሰፈሩ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዘው መጡ። ጴንጤ ጎረቤቶች እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። አቶ ዋጋሪ ጸሎቱን "አሜን" ብለው ከዘጉ በኋላ፣ ጸበሉንም በአክብሮት ከጠረጴዛው ላይ ካኖሩ በኋላ፣ "እኔ እኮ አላመመኝም" አሉ።

"ጎበዝ! እንዲህ ነው ወንድ!" አሉ አቶ የኋላሸት፤ ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ መግለጽ ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ ከባድ ሕመም ለታማሚው አይነገርም። ሐኪሙ ለቤተ ሰቡ ይነግራል፤ ቤተ ሰቡ ይደብቃል፤ ጎረቤት የተደበቀውን ያውቃል፤ ታማሚው ብቻ "ጨጓራ ነው" እንደ ተባለ ይኖራል። ስለዚህ አቶ ዋጋሪ "አላመመኝም" ባሉ ቁጥር ጠያቂዎቹ የተረዱት ጤነኛ መሆናቸውን ሳይሆን እንዳልተነገራቸው ነው። ወይዘሮ ኢቢሴ በበኩላቸው "ምንም የለበትም" ሲሉ ሴቶቹ እጃቸውን ጨብጠው አስተዋይነታቸውን ያደንቁ ነበር። ካርድ ክፍል የሠራች ሴት ምስጢር መያዝ ታውቃለች።

ከጉቴ ከተማ የአቶ ዋጋሪ እኅት ወይዘሮ ዳዲ መጡ። ከበር ውጭ አልቅሰው፣ ዐይናቸውን ጠርገው፣ እየሣቁ ገቡ። አንጮቴ የሚባለውን ሥራሥር በዘንቢል፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሣህን ይዘዋል። አንጮቴ ለተሰበረ አጥንት እንደሚበጅ በወለጋ የሚጠራጠር የለም፤ ላልተሰበረው የሚያደርገው አይታወቅም። አቶ ዋጋሪ ግን በሉት።

"ያ ኦቦሌሳ ኮ!" አሉ እኅታቸው፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። "የምግብ ፍላጎትህስ?"

"እያየሽኝ።"

"ብላ፣ ብላ። አሁን ነው መብላት።"

ይህን ሁሉ አቶ ዋጋሪ በትዕግሥት ተቀበሉት። ልባቸው የተናወጠው በመስከረም መጀመሪያ፣ የመዘምራኑ መሪ አቶ ተረፋ በመጡ ጊዜ ነው። አቶ ተረፋ ለጥቅምት ጉባኤ የሚለበሱ ጋዋኖች አዝዘው ነበር። እኚህ ሰው በትውውቃቸው ዘመን ሁሉ "ደረሰ? አልደረሰም?" ከማለት በቀር ሌላ ሰላምታ አልነበራቸውም። በዚያ ቀን ግን ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጠው፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ "ጋዋኖቹን ቀስ ብለው ይሥሯቸው። ባይደርሱም ምንም አይደል" አሉ።

ልብስ ሰፊ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም። አቶ ዋጋሪ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሚስታቸውን ይከታተሉ ጀመር። ያዩትም አላማራቸውም። ወይዘሮ ኢቢሴ ቁርጡን ሥጋ ለእሳቸው ያስቀድማሉ። ሲሠሩ ያንጎራጉራሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አሸንዳው ነው። የቤታቸው አሸንዳ በሰኔ ንፋስ ተገንጥሎ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውኃውን በበራፉ ላይ ያፈስሰው ነበር። ወይዘሮ ኢቢሴ ሐምሌን ሙሉ በዚህ ምክንያት ሲነዘንዟቸው ከርመው ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ ዝም ብለዋል። ምክንያቱን አቶ ዋጋሪ አሁን የገባቸው መሰላቸው። ጉዞውም በሌላ መልክ ታያቸው፤ ባሕር የሚሉት ለካ ሆስፒታል ነው፤ ሆስፒታል ባይሆን ደግሞ መሰናበቻ ነው።

"ኢቢሴ" አሉ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ "ካርድ ክፍል ከነበሩት ጓደኞችሽ ስለ እኔ የሰማሽው ነገር አለ?"

"ስለ አንተ ደግሞ ምን ይሰማል?"

"እውነቱን ንገሪኝ።"

"ምንም የለብህም አልኩህ እኮ!"

ይህ መልስ ምንም አልረዳቸውም። እውነት ከሆነ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ሐሰት ከሆነም የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። ሴትዮዋ ምስጢር በመጠበቅ ዕድሜ ልካቸውን ተከብረው ኖረው፣ በገዛ ባላቸው ዘንድ የሚታመን ቃል አጡ።

መስቀል አለፈ። ሻንጣው ተዘጋጅቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ወይዘሮ ኢቢሴ የጎማ ነጠላ ጫማ ገዝተው በላስቲክ ጠቅልለው ከላይ አኑረውበታል። በመነሻቸው ዋዜማ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጠያቂዎች ለመሸኘት ተሰበሰቡ። ክረምቱ የወጣ ቢመስልም በዚያ ቀን ተመልሶ የመጨረሻውን ዝናብ ጣለ። እንግዶቹ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን በራፉ ላይ ደርድረው ገቡ። እኔም ከገቡት አንዱ ነበርሁ።

ጸሎት ተደረገ። አቶ የኋላሸት የዕድሩን ሰላምታ አቀረቡ። ከዚያም አቶ ዋጋሪ በሰንበት ኮታቸው እንደ ለበሱ ተነሡ።

"ስለ ደግነታችሁ አመሰግናለሁ" አሉ። "አስቤበታለሁ። አልሄድም። የመጣው ይምጣ፤ እዚሁ፣ በእናንተ መካከል ይሁን።"

ወይዘሮ ዳዲ ፊታቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ሸፈኑ። አቶ ተረፋ አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ ኢቢሴ ሙዝ የያዘ ትሪ ተሸክመው ከጓዳ በር ላይ ቆመው ነበር። ትሪውን ከጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቀጥሎ የተባለው በኦሮምኛ ነው፤ ትርጕሙን ሳላጓድል ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፣ ስድቡ ግን በመጀመሪያው ቋንቋ ይበልጥ ያምራል።

"የምን የመጣው ይምጣ ነው? ምን ሊመጣብህ?" አሉ ወይዘሮ ኢቢሴ።

"አውቃለሁ፣ ኢቢሴ። አትድከሚ። አሸንዳውን እንኳ መንገር ትተሻል።"

"የተውኩህ ስለ ታመምክ መሰለህ? ሞምባሳ ሳንጣላ እንድንደርስ ብዬ ነው! ስንት ሳምንት ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ያለፍኩት! አንተ ሰነፍ! አንተ ነገ-ነገ! የሰውን ልጅ ሁሉ ጋዋን ስትለካ የገዛ ቤትህ በራፍ ኩሬ ሆነ! እነዚህ ሰዎች ሊጠይቁህ መጥተው ጫማቸው ውጭ እየዋኘ ነው!"

እንግዶቹ ሁሉ ወደ በሩ ተመለከቱ። ነገሩ እውነት ነበር።

"ኧረ ኢቢሴ! ለበሽተኛ እንዲህ ይባላል?" አሉ ወይዘሮ ዳዲ።

"በሽተኛ? ያመጣሽውን አንጮቴ በአንድ ቀን ብቻውን የጨረሰው ማን ሆነና! ለእኔ አንዲት አላስቀረልኝም!" ወይዘሮ ኢቢሴ ወደ ባላቸው ዞሩ። ድምፃቸው ተሰበረ፤ ቁጣቸው ግን አልቀነሰም። "ያን ባሕር በግድግዳ ላይ ሳየው ጡረታ ወጣሁ። አሁን ሻንጣው በር ላይ ቆሞ 'አልሄድም' ትለኛለህ? ሄደህ አሸንዳውን ጠግን! ነገ ሳንሄድ በፊት ጠግን!"

አቶ ዋጋሪ ሚስታቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ፊታቸው ከግንባራቸው ጀምሮ ወደ ታች ቀስ በቀስ ተፈታ። ለሚሞት ሰው በዚህ ዓይነት የሚናገር አለመኖሩን በዚያች ቅጽበት የተገነዘቡ ይመስለኛል። ሐኪም ሊዋሽ ይችላል፤ ጎረቤት ያዝናል፤ ሚስት በሕዝብ ፊት "ሰነፍ" ካለችህ ግን ገና ብዙ ዓመት እንደምትኖር ቆጥራለች።

"መሰላሉ የት ነው?" አሉ።

ዝናቡ እያካፋ በሰንበት ኮታቸው ጣሪያው ላይ ወጡ። አቶ የኋላሸት በካልሲያቸው ጭቃው ላይ ቆመው መሰላሉን ያዙ። ሌሎቻችን ከበራፉ ሆነን ተመለከትን።

"ዋጋሪ! ሕመሙስ?" አሉ አቶ የኋላሸት ከሥር።

"የምን ሕመም? ሚስማር አቀብለኝ።"

"ታዲያ ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?"

መዶሻው ቆመ። ይህ እንግዲህ ከጳጉሜን ጀምሮ ሊመለስ ይገባው የነበረ ጥያቄ ነው።

"ባሕር ለማየት" አሉ አቶ ዋጋሪ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንመለሳለን።"

ይህን ለመረዳት ለሁሉም ጥቂት ጊዜ አስፈለገ። ከሁሉ ፈጥነው የተረዱት አቶ ተረፋ ናቸው። ቆባቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉና ወደ ጣሪያው ቀና ብለው፣ "ጤነኛ ከሆኑማ ጋዋኖቹ መቼ ይደርሳሉ?" አሉ።

"ስመለስ።"

"ጉባኤው እኮ ጥቅምት ነው!"

"ምንም አይደል ብለውኛል" አሉ አቶ ዋጋሪ፤ የመጨረሻውንም ሚስማር መቱ። ውኃው አሸንዳውን ተከትሎ ወደ ቦዩ ወረደ። ወይዘሮ ኢቢሴ ከሥር ሆነው አዩት፤ አላመሰገኑም። ወደ ጓዳ ገብተው ማንጎራጐር ጀመሩ።

በማግሥቱ ሄዱ። አቶ የኋላሸት መናኸሪያ ድረስ ሸኝተው፣ ለማንኛውም ብለው ጸበሉን ሻንጣቸው ላይ ጨመሩላቸው።

ከሳምንት በኋላ ሊሊሴ የላከችው ፎቶግራፍ በመንደሩ ስልኮች ሁሉ ዞረ። ወይዘሮ ኢቢሴ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ባሕር ውስጥ ቆመዋል፤ ፊታቸው ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ውኃው ነው። አቶ ዋጋሪ ከደረቁ ላይ፣ የሚስታቸውን የጎማ ጫማ በአንድ እጃቸው፣ የተዘጋ ጃንጥላ በሌላው ይዘው ይታያሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ወይዘሮ ዳዲ ፎቶውን ጉቴ ሆነው አዩት። ስልኩን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ወንድማቸውን በጥንቃቄ መረመሩና፣ "ምስኪን፣ ከስቷል" አሉ።