የሽማግሌው ቀኝ ትከሻ

ወደማሠለጥንበት ጂም የሚመጡት ሽማግሌ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው ብረት የሚያነሱት። መጀመሪያ ሲመጡ ቀኝ ትከሻቸው ማበጠሪያ እንኳ አላስነሳ ብሏቸው ነበር። በቀላል ብረት አስጀመርኳቸው፤ ቀስ በቀስ ስጨምርላቸው በስድስት ወር ሕመሙ ለቀቃቸው። ጎረምሶቹ ብረት ከብዷቸው ሲያቃስቱ ግን እሳቸው ሁለት ጆሯቸውን በእጃቸው ይደፍናሉ።

«አባባ፣ ትከሻዎን እንዲህ ምን ጎዳው?» አልኳቸው ዛሬ።

«ሥራ ነዋ። ሰው አናግር ነበር።»

«ጋዜጠኛ ነበሩ?»

«የለም፤ አልናገርም ያለውን ነው የማናግረው።»

ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው እንደሚገርፍ ሰው አወረዱት። አየሩ አፏጨ። ያን ክንድ መልሼ ያጠነከርኩት እኔ ነኝ።

«ትከሻዬንስ አዳንከው፤ እጅህ ይባረክ» አሉኝ። «ለጆሮ የሚሆን ብረት ግን የለህም?»